ለሁለት የተገመሰው ጠረጴዛ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ጉባኤ አፍርሻለሁ። ብቻዬን፣ በባዶ እጄ፣ ያውም በአንድ እግር ጫማ። ክሬግሀቨን ወደብ ወርዳችሁ መረብ የሚጠግን ሰው ካገኛችሁ ጠይቁት፤ «ኤልስፔት ማጋነን ትወዳለች» ካላችሁ የወንድም ጊልበርት ዘመድ ነውና ዓሣም አትግዙት። እናቴም እንደዚያው ትላለች። እሷ ግን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ ድንች እየላጠች በየመስመሩ ታርመኛለች። እርማቷን አልፎ አልፎ አስገባዋለሁ። ለጋስ ሰው ነኝ።

እኛ የጠባቡ ጉባኤ ሰዎች ነበርን። እሑድ ጠዋት የክሬግሀቨን ግማሹ (እናቴ፦ «አርባ ሰው») ጥቁር ለብሶ ግራጫው የድንጋይ አዳራሽ ይገባል። አዳራሹ አንድ በር ብቻ ነበረው። ወንድም ጊልበርት «መንገዳችን ጠባብ ነውና በራችንም ይጥበብ» ብሎ የጓሮውን በር በድንጋይ አስደፍኖታል። መስኮቶቹም ባሕሩን እያየን እንዳንዘናጋ ከሰው ቁመት በላይ የተሰቀሉ ናቸው። ሬዲዮ አይከፈትም፣ ውሻ አይያዝም፣ ልደት አይከበርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጉባኤው ውጪ ካለ ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ አይበላም። ጉባኤውን የተወ ወይም የተባረረ ሰው «የተወገዘ» ይባላል፤ እሱ የሚበላበትን ጠረጴዛ የነካ ሁሉ አብሮ ተወገዘ ማለት ነው። እኛ ልጆች አባሮሽ ስንጫወት እንኳ «የተወገዘ» የሆነው ልጅ ባዶ የዓሣ ሣጥን ተሸክሞ ነበር የሚያሯሩጠን። ሣጥኑ የነካው ልጅ ወጥቶ ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው የለም።

የጉባኤው ሽማግሌ ወንድም ጊልበርት ሜር ነበር። ቁመቱ ሦስት ሜትር ይሆናል። (እናቴ፦ «አጭር ነበር። መድረኩ ነው ረጅሙ።») ድምፁን ሲያወጣ ወደቡ ላይ የታሰሩ ጀልባዎች ይነቃነቃሉ። ይህን ሰው እስከ ዛሬ አልማርኩትም። ማሪው የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ይስማኝ።

የእናቴ ጥፋት ሻይ ነው። ወንድሟ አሌክ ባሕር ላይ ሞተ። አሌክ ከጉባኤው ከወጣ ቆይቶ ስለነበር ከእኛ ወገን ቀብሩ ላይ የተገኘችው እሷ ብቻ ነበረች። ከቀብር መልስ ባትያ የምትባል የተወገዘች አሮጊት ቤት ገባች፤ ከሌሎቹ የተወገዙት መሐል ተቀምጣ አንድ ስኒ ሻይና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቀመሰች። በመስኮት ያያት ሰው ነበር። ክሬግሀቨን ውስጥ በመስኮት የሚያይ ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። ከደረጃው ሥር ተሸጉጬ የሽማግሌዎቹን ንግግር ነው የሰማሁት።

«ጠጥታለች?»

«ጠጥታለች። ራሷም አምናለች።»

«ከማን እጅ?»

«ከባትያ።»

«እንግዲያው ወደ ባሏና ወደ ልጅቷ ሳይዛመት መለየት አለባት።»

ያን ሰሞን ትምህርት ቤታችን እከክ ገብቶ ሁላችንንም ሐምራዊ መድኃኒት ቀብተውን ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባትያ የምትባል ክፉ አሮጊት እናቴን በሻይ በሽታ አስይዛታለች። በሽታው የሚተላለፈው በእንጨት ነው። ስለ ጠረጴዛ ይህን ያህል የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ወንድም ጊልበርት ኩሽናችን መሐል ቆሞ ፍርዱን ተናገረ። አባቴ ዋልተር ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ቃል እንደ ሚስማር ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው።

«ከዛሬ ጀምሮ ሙሪየል የምትበላበት ጠረጴዛ እናንተ የምትበሉበትን አይነካም» አለ ወንድም ጊልበርት። «የመሣሪያ ጎጆህ ውስጥ ትብላ።»

«ጎጆው ያፈሳል» አለ አባቴ።

«ትንሽ ዝናብ ልብ ያለሰልሳል።»

አባቴ ጠረጴዛውን አየው። ለሠርጋቸው ብሎ ከወፍራም የኦክ እንጨት ራሱ የሠራው ነው።

«ካልተነካካ ይበቃል?» አለ።

«ይበቃል።»

«ሌላ ነገር የለውም? ግድግዳ፣ መጋረጃ?»

«ሕጉ እንዳይነካካ ነው፣ ዋልተር። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ጥሩ።»

ወጣና መጋዝ ይዞ ተመለሰ። ሳህኖቹን አነሳ፤ ጠረጴዛውን መሐል ለመሐል ይገዘግዘው ጀመር። ብናኙ በወንድም ጊልበርት ጥቁር ጫማ ላይ ይዘንባል። የኦኩ ሽታ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። እናቴ ምድጃው ጥግ ቆማ እጇን በሽርጧ ጠቅልላለች። የአባቴ ግንባር ላይ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። እሷን ለሁለት የሚቆርጥ መሰለኝ። የዚያን ቀን የጠላቶቼን ስም ዝርዝር በልቤ አወጣሁ፦ ባትያ አንደኛ፣ አባቴ ሁለተኛ። ወንድም ጊልበርት አልነበረበትም። እሱ ለእኔ ሐኪም ነበር።

አሁን እኔም ስለ እንጨት አውቃለሁ። አባቴ ጎጆ ውስጥ ግንድ የሚጥል ትልቅ መጋዝ ነበረው፤ ያንን ጠረጴዛ ሻይ ሳይፈላ ይጨርሰው ነበር። ያመጣው ግን ለጌጥ ሥራ የሚጠቀምበትን፣ እንደ ቆርቆሮ የሚተጣጠፈውን ስስ መጋዝ ነው። በስስ መጋዝ ኦክ መቁረጥ አንድ ከሰዓት ሙሉ ትከሻ ይበላል። ክፍተቱ ግን ከክር አይሰፋም።

ሁለቱን ግማሾች እግር ጨምሮ አቆማቸው፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ድሮው። ወንድም ጊልበርት ጎንበስ ብሎ አየ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ በክፍተቱ ሰደደው። ወረቀቱ አለፈ። እንደገና ሰደደው። እንደገና አለፈ።

«አይነካካም» አለ አባቴ።

ወንድም ጊልበርት ጫማውን አራግፎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ እናቴ በአንዱ ግማሽ፣ እኔና አባቴ በሌላው ሆነን መብላት ጀመርን፤ ክርኗ ከክርኑ ጋር ሊገናኝ ምንም አይቀረውም። እኔ ሳህኔን ይዤ ጠርዝ ላይ ተለጠፍኩ፤ በሽታው በክፍተቱ ዘልሎ እንዳይመጣብኝ። ከተወገዘ ሰው ጋር በማዕድ መነጋገርም ክልክል ስለሆነ አባቴ አዲስ አመል አወጣ። ጠረጴዛውን ማናገር።

«ጠረጴዛዬ» ይላል ማንኪያውን እየላሰ፣ «ዛሬ ድንቹ እንዴት ያለ ነው።»

እናቴ ወደ ጣሪያ ታያለች።

«ጠረጴዛዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ጨው።»

የጨው ዕቃው በእናቴ በኩል ነበር። በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፤ ክፍተቱ ላይ ሳያደናቅፈው ተንሸራቶ እሱ ፊት ይቆማል። አባቴ ያበደ መሰለኝ። ጠረጴዛው ደግሞ የሚሰማ መሰለኝ፤ እኔም ኬክ እንዲያመጣልኝ በሹክሹክታ ለመንኩት፣ አላመጣም።

ለባትያ በቀል የመረጥኩት የዓሣ አንጀት ነው። ዓሣ ከሚጸዳበት ከወደቡ ዳር አንድ በርሜል (እናቴ፦ «አንድ ጣሳ») ሰብስቤ ከግንቡ ጀርባ ፀሐይ ላይ አኖርኩት። እኛ አገር ፀሐይ ብርቅ ናት፤ የዚያን ሳምንት ግን ለእኔ ብላ ወጣች። ጣሳውን የባሕር ወፎች ሳይቀሩ መሸሽ ሲጀምሩ ደርሷል ብዬ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ባትያ ቤት ይዤው ሄድኩ። በሯ ላይ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ መድፋት ስጀምር በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ፤ እኔም አብሬው ገባሁ።

የወንድ ሹራብ የለበሰች፣ የመረብ መጠገኛዋን ጆሮዋ ላይ እንደ እርሳስ የሰካች አሮጊት ከላይ ታየኛለች።

«እጅሽን ብቻ ነው የምትሰጪኝ ወይስ ሙሉሽን ትገቢያለሽ?» አለችኝ።

ከውስጥ የወንድ ድምፅ «ባትያ፣ ፖስተኛዋ ምን አመጣች?» አለ።

«የዓሣ አንጀት ነው፣ ዶድ። የከረመ።»

«ቴምብር አለው?»

ዶድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ከውሻህና ከእኛ ምረጥ» ሲሉት «ስጠራው የሚመጣው የትኛችሁ ነው?» ብሎ የወጣ ሰው ነው። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ ነበር፤ በሕይወቴ መጀመሪያ የቀረብኩት ውሻ። አንበሳ ያክላል። (እናቴ፦ «ድመት ያክል ነበር።»)

ያስደነገጠኝ ግን ጠረጴዛቸው ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ ከብዙ ቁርጥራጭ ጠረጴዛ የተጋጠመ ነገር። አንዱ ክብ፣ አንዱ የሕፃን መማሪያ፣ አንዱ የበር ሳንቃ፣ አንዱ የመርከብ ክዳን። ቁመታቸው ስለማይተካከል አንዱ ጋ የተቀመጠ ሳህን ወደ ሌላው ያዘነብላል፤ በየሳህኑ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ሸጉጠዋል። እነዚህ ሰዎች የያዟቸውን ሰዎች ጠረጴዛ እየሰበሩ ያጠራቅማሉ ብዬ አሰብኩ።

የተወገዘ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ለብቻው የሚበላበት አንድ ነገር ይሰጠው እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። ለአንዱ ጓዳ ውስጥ የበር ሳንቃ፣ ለአንዷ የልጇ መማሪያ። ሲመረው ያንን ተሸክሞ ባትያ ቤት ይመጣል፤ ዶድ ከሌሎቹ ጋር ይቸነክርለታል፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን አይበላም። ለምን ወጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «እግሩ ይወላገዳል?» ነው ጥያቄው።

ባትያ በሞቀ ውሃና በሳሙና እጄን አጠበችኝ፤ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር።

«ጎበዝ ነሽ» አለች እያሸች። «ትንሽ ብታቆዪው ኖሮ ቤቱን ለቅቄልሽ እሄድ ነበር።»

«እናቴን መልሺልኝ» አልኳት።

«ማን ወሰዳት?»

«አንቺ። በሻይ።»

ዶድ ሊስቅ ሲል በክርኗ ጎሰመችው። ዳቦ ቆረሰች፤ ማርማላታ ቀባች።

«ጠረጴዛችሁን አልነካም» አልኩ።

«ማን አስገደደሽ።» ሳህኑን ወስዳ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «የመስኮት ደፍ ጠረጴዛ አይደለም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አጣርቼዋለሁ። ቁሚና ጀልባዎቹን እያየሽ ብዪ።»

ርቦኝ ነበር፤ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ መብላት አያጠግብም። ቆሜ በላሁ። እሷ ከኋላዬ መረቧን አንስታ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባትሽ ጠረጴዛውን ቆረጠው አሉ።»

«ቆርጦታል።»

«ክፍተቱ ጣትሽን ያስገባል?»

«ወረቀት ብቻ ነው የሚያስገባው።»

ባትያና ዶድ ተያዩ።

«እንግዲህ ዋልተርም መጣ ማለት ነው» አለች።

«ቦታ እናሰናዳ» አለ ዶድ።

ቀጥሎ አባቴን ሊወስዱ ነው። ጠላቴ ነው፤ ግን የእኔ ጠላት ነው፣ የእነሱ አይደለም። ዳቦውን ጎርሼ በሩጫ ወጣሁ።

መስኮት ላይ ቆሞ የሚበላ ሰው ከመንገድ ይታያል። ሳይመሽ ወንድም ጊልበርት ቤታችን ነበር።

«ልጅቷ ከተወገዙት ቤት በልታለች» አለ። «ይህ ቤት ተበክሏል። እሑድ ከጉባኤ በኋላ ከእኛ ጋር ትሄዳለች፤ እኛ ዘንድ ታድጋለች። እናቷንም አታይም።»

«የመስኮት ደፍ ጠረጴዛ አይደለም» አልኩት።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር እንደ ዓሣ ጅራት ተወራጨ።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«እትዬ ባትያ።»

ፊቱን ወደ መስኮታችን አዞረ፤ ያኔ ለእግዚአብሔር የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ባትያ ታላቅ እህቱ ናት። ያ ቤት የወላጆቻቸው ነው። አባታቸው ከባሕር እስኪመለስ ሁለቱ ሕፃናት ያንን ደፍ ተደግፈው፣ ጀልባ እየቆጠሩ፣ ገንፎ የበሉበት መስኮት ነው። በኋላ እሱ ሽማግሌ ሲሆን መጀመሪያ ያወገዘው እሷን ነው፤ አዲስ የተሳለ ቢላ በቅርብ በተገኘው ነገር ላይ እንደሚሞከረው።

«እሑድ» አለ ለአባቴ።

አባቴ «እሺ» አለ። በቃ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ተሰጠሁ። ከዝርዝሩ ላይ ባትያን አወረድኩና አባቴን አንደኛ አደረግኩት። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ በር ላይ አንድ ዘንግ ይዞ ስፋቱን ሲለካ አየሁት። እኔን ሊሰጡኝ ነው፤ እሱ ግን የጉባኤውን በር ሊጠግን ይለካል። ያንን ዘንግ የምሰብርበትን ቀን እየቆጠርኩ ተኛሁ።

እሑድ አባቴ አዳራሹ አልመጣም። እኔ የወንድም ጊልበርት ሚስት ጎን ተቀምጬ ልብሴ የታሸገበትን የትራስ ጨርቅ ታቅፌያለሁ። ወንድም ጊልበርት ስለ መለየት ይሰብካል። መሐል ላይ ከውጪ የእንጨት ግጭት ተሰማ፤ ሰው የሚጎትት፣ የሚያስተካክል። ቀጥሎ ሽታ መጣ። በጭስ የደረቀ ዓሣ ከወተትና ከድንች ጋር ሲንተከተክ የሚሸተው ሽታ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ለመጡ ሰዎች ይህ ግፍ ነው። ከኋላዬ የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት።

ስብከቱ አለቀ፤ በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ፤ ማንም አልወጣም።

የባትያ ጠረጴዛ በሩ ላይ ተጋድሟል። ከመቃን እስከ መቃን፣ ልክ ልኩን፣ እጅ እንኳ የማያሳልፍ። በዙሪያው የተወገዙት ሁሉ ተቀምጠው ሾርባ ይበላሉ። ጫፉ ላይ፣ በሩ ውስጥ ሊገባ የደረሰው፣ የእኛ ጠረጴዛ ነው፤ ሁለቱም ግማሽ። በአንዱ እናቴ። በሌላው አባቴ፣ እሑድ ጠዋት፣ ያለ ኮት፣ ማንኪያ ይዞ።

«ማንም እንዳይነካ» አለ ወንድም ጊልበርት። አርባ ሰው ወደ ኋላ ተገፋፋ። «ተቀመጡ። ጠግበው ይሄዳሉ።»

«አንቸኩልም» አለ ዶድ ከውጪ። «ገና ሁለተኛ ድስት አለ።»

«ዋልተር፣ ይህን ሳህን አስቀምጥና ግባ።»

አባቴ ማንኪያውን ላሰ። «ጠረጴዛዬ» አለ፣ «ወንድም ጊልበርት ሕጉ እንዳይነካካ ነው ብሎኝ ነበር። ይኸው እንዳይነካን።»

ከዚያ አንድ ባዶ በርጩማ አየሁ። ፊት ለፊቱ ጠርዟ የተሸረፈችው ሰማያዊ ሳህኔ ተቀምጣለች፤ ሾርባ ይጨስባታል። ለዓሣው አንጀት ሊበቀሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር እስከዚያች ደቂቃ። ግን የሚበቀሉትን ሰው ሳህን ከቤቱ ድረስ ተሸክሞ የሚመጣ ማን አለ? የትራሱን ጨርቅ ጥዬ በአራት እግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የወንድም ጊልበርት ሚስት ጫማዬን ያዘች። ጫማው ቀረላት።

ሥሩ ጨለማ ነው፣ የዶድ ውሻ ፊቴን ላሰኝ። ቀና ስል በሁለቱ ግማሾች መሐል ብርሃን አየሁ፤ አንዲት ቀጥ ያለች የብርሃን ክር፣ ከዳር እስከ ዳር። በአንድ ወገኗ የእናቴ ጉልበት፣ በሌላው የአባቴ፤ ሁለቱ ጉልበቶች ተደጋግፈዋል። ላይኛው ጠረጴዛ አይነካካም። ሥሩን ግን ማንም በወረቀት አልለካውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሲበሉ ኖረዋል፤ ጠርዝ ላይ የተለጠፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በወዲያኛው በኩል ስወጣ አባቴ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ሾርባዬን አስጠጋልኝ።

የመንደሩ ፖሊስ መጣና «መንገድ ዘግታችኋል» አለ። ባትያ «ቁጭ በል» አለችው። ተቀመጠ። እንዴት በላ።

ወንድም ጊልበርት በመጨረሻ በመስኮት ሊወጣ ወሰነ። አግዳሚ ደራርቦ ወጣና ወገቡ ላይ ተቀረቀረ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እግሩ ውጪ። እስከ ማክሰኞ እዚያው ተንጠልጥሎ የባሕር ወፎች ጫማው ላይ ጎጆ ሠሩ። (እናቴ፦ «ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።») በአየር ላይ የሚራገጠውን እግር አይተን ሁላችንም ስንስቅ ባትያ ብቻ ተነሳች። ዶድ የተቀመጠበትን በርጩማ ከሥሩ ሳበችበት፣ ወስዳ ከወንድሟ እግር ሥር አስገባችው። እግሩ ዳበሰ፣ አገኘ፣ ቆመ። ወረደና ማን እንዳስቀመጠው አየ። ሄደ። ዝናብ ሲጀምር እኛም ጠረጴዛችንን አንስተን ሌሎቹን ለቀቅናቸው።

ያን ክረምት ለአባቴ ከጉባኤው ማንም ሥራ አልሰጠውም። ድንጋይ ከሰል ግን በራችን ላይ ይገኝ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም፣ የውሻ ዱካ ብቻ። ጫማ የጎደለኝ መሆኑ ተሰማና በማግስቱ ሠላሳ ጥንድ ጫማ መጣልኝ። (እናቴ፦ «ሦስት። አንዱ የወንድ።») ዶድ አባቴን ጀልባ ሥራልኝ አለው፤ ዶድ ሌላ ጀልባ እንደማያስፈልገው መላው ወደብ ያውቃል። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ባትያ ቤት ልደት አከበሩልኝ። ከመካከላችን አንድም ሰው ልደት አክብሮ ስለማያውቅ ሻማውን ኬኩን ከቆረስን በኋላ ነው የለኮስነው።

እኔ ግን አልረሳሁም። «እናቷንም አታይም» ያለውን ድምፅ ይዤ አደግኩ። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ወደብ ላይ ዓሣ እሸጥ ነበር። ጉባኤው ውስጥ ወንድም ጊልበርትን ሊተካ የሚጣደፍ ወጣት ሽማግሌ መጣ፤ ሚስቱ ደንበኛዬ ናት። አንድ ቀን ዓሣዋን እየጠቀለልኩ እንዲያው ወሬ አወጋኋት።

«ያኔ ወንድም ጊልበርት የቆመበት በርጩማ ትዝ ይልሻል? ያ እኮ የጠረጴዛው ነው። ዶድ ተቀምጦበት ሾርባ ሲበላ ነበር። ትንሽ ፈሶበታልም መሰለኝ።»

«አትበይኝ» አለች።

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ። ሎሚ ልጨምርልሽ?»

በወሩ ወንድም ጊልበርትን አወገዙት። በርጩማው የጠረጴዛው አካል ነው ወይስ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ ከዚያ ክርክር በኋላ ጉባኤው ለሁለት፣ ሁለቱም ደግሞ እንደገና ለሁለት ተከፈሉ። አዳራሹ ዛሬ የመረብ መጋዘን ነው። አፍርሻለሁ ያልኳችሁ ይህን ነው፤ በዘጠኝ ዓመቴ ጀምሬ በሃያዬ ጨረስኩት። እናቴ ድንቿን ስትልጥ እዚህ ላይ እርማት የላትም።

አንድ የዝናብ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ባትያ ቤት ተሰብስበን ሳለ ወንድም ጊልበርት በሩ ላይ ቆመ። ሸብቷል፤ ሦስት ሜትሩ ከየት እንደመጣ ይደንቃል። የገዛ ሚስቱ የመሣሪያ ጎጆ ውስጥ ነበር የምታበላው። ጎጆው ያፈሳል።

ባትያ ከመረቧ ቀና አላለችም። «ርቦሃል?» አለችው።

ወደ ጠረጴዛው አልመጣም። እኔ ያሰናዳሁለት ስድብ ነበረኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተሞረደ። እሱ ግን ማንም ሳይነግረው ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። ደፉ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ቦታውን እጁ ያውቀዋል። ሳህን ወስጄ አስቀመጥኩለት። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጀልባዎቹን እያየ ይበላ ጀመር። አሁንም አይነካንም። ከሁሉም ተባርሮ እንኳ ከእኛ ጋር አይበላም።

ይህን ነው ያልቻልኩት። ተነሳሁ፣ ወገቤን ጠረጴዛው ላይ ደግፌ ገፋሁት።

«ኤልስፔት፣ ሾርባው ይደፋል» አለች እናቴ።

ገፋሁት። ዶድ ገባውና ከወዲያ በኩል ሳበ። አባቴ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ያዘ። ያ ሁሉ ሳንቃ፣ ክቡ፣ የሕፃኑ፣ የመርከቡ፣ የእኛ ሁለት ግማሽ፣ ወለሉን እየፋቀ ሄዶ ከመስኮቱ ደፍ ጋር ገጭ አለ። ወረቀት አያሳልፍም።

ወንድም ጊልበርት ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ወደ ታች አየ። እንጨት እንጨትን ነክቷል። መሄድ ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

«ባትያ» አለ፣ ሳይዞር። «ጨው አቀብይኝ።»

ባትያ የጨው ዕቃውን አነሳች። መጀመሪያ ለራሷ ጨመረች፣ ቀስ ብላ፣ ቀምሳ፣ እንደገና ጨመረች። ለዶድ ሰጠችው። ዶድ ለአባቴ፣ አባቴ ለእናቴ፣ እናቴ ለእኔ። እኔ ጨው አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ ጨመርኩ። ከዚያ በጣቴ ገፋሁት፤ በሁለቱ ግማሾች መሐል ሳያደናቅፈው አልፎ፣ ደፉ ላይ ደርሶ፣ እጁን ነክቶ ቆመ።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። በላው።